ብሎወር ይቀየር ወይስ ከፍርግርጉ ሥር ያለው ሣጥን ይከፈት?

አመድ አፋሽ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

እንደምን አመሻችሁ። ጌላን አካባቢ ባለ ፋብሪካ የቦይለር ፈረቃ ኃላፊ ነኝ። ቦይለራችን በሰዓት አራት ቶን እንፋሎት እንዲሰጥ የተሠራ ነው። የምናነደው ከጅማ መስመር በጭነት መኪና የሚመጣ የቡና ገለፈት ነው፤ ገለፈት ሲጠፋ ሰጋቱራ፣ ሰጋቱራ ሲጠፋ የባሕር ዛፍ ፍልጥ።

ገለፈቱ የሚነድበት ፍርግርግ ሦስት ሜትር ይረዝማል፣ አንድ ሜትር ተኩል ይሰፋል። በበሩ በኩል ያለው አንድ ሜትር ያህል ገለፈቱ እንደጠቆረ ተከምሮ ይጨሳል። የኋላው ደግሞ ዓይን እስኪያጥበረብር ይነጣል፤ አመዱ ይቀልጥና እንደ ጠርሙስ ተጋግሮ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። በየፈረቃው ሁለት ሰው በረጅም ብረት እየወቀረ ያነሣዋል። የኋላዎቹን የጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ፍርግርጎች በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ቀይረናል፤ ሲወጡ ቀስት ይመስላሉ። የፊቶቹ አዲስ እንደሆኑ አሉ።

የጥገና ክፍላችን «አየር አንሶታል፣ ትልቅ ብሎወር ይገዛ» ብሎ የዋጋ መጠየቂያ አውጥቷል። እኔ ልቤ አልተቀበለውም። አየር ያነሰው ከሆነ ኋላው ለምን ነጣ? የብሎወሩ ቱቦ ከፍርግርጉ ሥር ወዳለው የአየር ሣጥን የሚገባው ከፊት፣ ከበሩ ሥር ነው። ለአፉ የቀረበው ቀድሞ መንደድ ሲገባው የተገላቢጦሽ ሆነብኝ።


ብየዳና ላሜራ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

መጀመሪያ ብሎወሩን ክፈትና ክንፎቹን እይ። የገለፈት አቧራ ክንፍ ላይ ይጋገራል፣ ቺንጋውም ይላላል። እኔ ዱከም ላይ «ሞተ» የተባለ ብሎወር በመጥረጊያና በአዲስ ቺንጋ አስነሥቻለሁ። ሳያዩ መግዛት ገንዘብን ማንደድ ነው።


ሒሳብ ወዳድ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

የተገላቢጦሽ የመሰለህ «አየሩ ቀድሞ የደረሰበት ቦታ ቀድሞ ይጠጣል» ብለህ ስላሰብክ ነው። ከቱቦው የሚወጣው አየር ሩጫ ላይ መሆኑን አስብ። ሁለት ዓይነት ግፊት ይዟል፤ አንዱ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚገፋው ነው፣ የቆመ ግፊት እንበለው። ሌላው በሩጫው ውስጥ የተቀመጠው ነው። በፍርግርጉ ቀዳዳ ሽቅብ የሚያወጣው የቆመው ብቻ ነው። የሚሮጥ አየር የፊት ቀዳዳዎችን ሽው ብሎ ያልፋቸዋል፤ ከኋላ ግድግዳ ጋር ተላትሞ ሲቆም ሩጫው ወደ ቆመ ግፊት ይለወጣል። ስለዚህ በሩቁ ጫፍ ግፊቱ ይበልጣል። ሩጫው በጣም ሲበዛማ ለአፉ የቀረቡት ቀዳዳዎች አየር ከማውጣት አልፈው ከላይ ወደ ታች ሊስቡ ይችላሉ።

የቱቦህ ስፋትና የአየሩ ፍጥነት ስንት ነው?


አመድ አፋሽ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ከሌሊት ፈረቃ ስወጣ ነው የጻፍኩት። ቱቦው ክብ ነው፣ 30 ሴንቲ ሜትር። የነፋስ ፍጥነት መለኪያ ከጎረቤት ፋብሪካ ተውሼ ለካሁ፤ ብዙ ቦታ አድርጌ ሳማክለው በሴኮንድ 15 ሜትር ያህል ሆነ። ብሎወሩም ተከፍቶ ታይቷል። ቺንጋው ደህና፣ ክንፉ ንጹሕ ነው። ወንድሜ ብየዳ፣ ምክርህ ግን አስፈላጊ ነበር።


ሒሳብ ወዳድ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡30

ጥሩ። ጌላን ላይ፣ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ፣ 20 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሜትር ኩብ አየር 0.93 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በ15 ሜትር ፍጥነት የሩጫው ግፊት 105 ፓስካል ይሆናል፣ በውሃ ቁመት ሲለካ ወደ 11 ሚሊ ሜትር። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ባዶ ፍርግርግህን ለማለፍ የሚያስፈልገው ግፊት ራሱ ከዚህ ብዙም አይርቅ ይሆናል። አየር እኩል እንዲከፋፈል የፍርግርጉ መቋቋም ከሩጫው ግፊት ብዙ እጥፍ መብለጥ አለበት።

አሁን ወደ ትልቁ ብሎወር እንምጣ። አየሩን አንድ ተኩል እጥፍ ብታደርገው የሩጫው ግፊት በካሬ ያድጋል፣ 2.25 እጥፍ። የፍርግርጉ መቋቋምም እንዲሁ በካሬ ያድጋል። የሁለቱ ጥምርታ ንቅንቅ አይልም። ከፊት አንድ እጅ፣ ከኋላ አንድ ተኩል እጅ ያልፍ የነበረው አየር በዚያው ክፍፍል ይቀጥላል፤ ልዩነቱ የኋላው አመድ ከበፊቱ ፈጥኖ መቅለጡ ነው። የዋጋ መጠየቂያውን አስቁመው።


ወናፍ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡50

ልጆች፣ እኔ ከምድጃ ፊት ሠላሳ ዓመት ያህል ቆሜአለሁ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሒሳብ ወዳድ የጻፈው ልክ ነው፣ እኔ በሌላ መንገድ ልናገረው። ቡና የሚፈላበትን የከሰል ምድጃ በማራገቢያ ከአንድ ጎን ብቻ ያራገበ ሰው የሚያየው ነገር አለ። በማራገቢያው በኩል ያለው ከሰል ጥቁር እንደሆነ ይቆይና ከማዶ ያለው ይቀላል። እናቶቻችን ምድጃውን ያዞሩታል። ቦይለር አይዞርም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። የኋላው ፍርግርግ ለምን ቀስት ሆነ? ጊዛውን የሚያቀዘቅዘው በሥሩ የሚያልፈው አየር ነው። የገለፈት አመድ ፖታሲየም ይበዛበታል፣ ቶሎ ይቀልጣል። ከኋላ አየር በዛ፣ እሳቱ በረታ፣ አመዱ ቀለጠ፣ ቀዳዳውን ደፈነ። ከዚያ በኋላ በዚያ ቦታ የሚያልፍ አየር የለም፤ ላዩ ላይ የቀለጠ ጠርሙስ የተቀመጠበት ጊዛ ሳይታጠፍ ምን ያድርግ? አየር በመብዛቱ የተጀመረ ነገር አየር በማጣት ይጨርሳል። ይህን ለመረዳት እኔ ብዙ ጊዛ ጨርሻለሁ።


ሰበታ ማዶ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡10

ጋሼ፣ እጅዎን ይባርክ። እኔ ሰበታ በኩል በሙቀት ሥራ ላይ ያለሁ መሐንዲስ ነኝ፣ ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛው ስለ ከፍታው ነው። በብሎወሮች ላይ የሚለጠፈው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው 1.2 ኪሎ ግራም ለሚመዝን የባሕር ጠለል አየር ነው። «200 ሚሊ ሜትር ውሃ» የሚል ብሎወር በዚያው ፍጥነት እዚህ ሲዞር ወደ 155 ይወርዳል፤ የሚያቀብለው የአየር ክብደትም በዚያው ልክ ከአንድ አምስተኛ በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ የጥገና ክፍሉ «አየር አነሰ» ያለው ከመሬት ተነሥቶ ላይሆን ይችላል። ግን መጀመሪያ ክፍፍሉ ይስተካከል፣ ከዚያ ማነሱና አለማነሱ ይለካል።

ሁለተኛው ስለ መለኪያው ነው። ማኖሜትር (የግፊት መለኪያ) ከሌለ የግንበኛ ውሃ ልክ ይበቃል፤ ያችው ብርሃን የምታሳልፍ የላስቲክ ቱቦ። በዩ ቅርጽ ሳንቃ ላይ ሚስማር መትቶ ማሰር፣ ቀለም የተነከረ ውሃ መሙላት፣ ከጎኗ ማስመሪያ መለጠፍ ነው። በሣጥኑ ጎን በቁመቱ ሦስት ቦታ ትንንሽ ቀዳዳ ብሳና አንዱን ጫፍ በየተራ አስገባ። ሌላውን ጫፍ ክፍሉ ውስጥ ክፍት አትተወው፤ ከፍርግርጉ በላይ ባለው የእሳት ቤት ውስጥ አስገባው። ጭስ ማውጫው ስለሚስብ ከላይ ያለው ግፊት ከክፍሉ ያነሰ ነው፣ እሱን ካልቆጠርክ ክፍፍሉን አዛብተህ ታነባለህ።

እባክህ፣ ሣጥኑ ውስጥ ለመግባት ካሰብክ ብሎወሩ በቁልፍ ይዘጋ፣ ቁልፉ ከሚገባው ሰው ኪስ ይሁን። ጠዋት የጠፋ የሚመስል አመድ ሥሩ ፍም ነው፤ ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ሣጥኑ ቀዝቅዞ አየር ሳይለዋወጥ ማንም እንዳይገባ። እኔ በሠራሁበት በአንድ ቦታ ውስጥ ሰው እያለ ብሎወሩ ተነሥቶበት ያውቃል። በአመድ ተሸፍኖ ወጣ፣ ዓይኑ ተረፈ። ማብሪያው ላይ የተንጠለጠለው «አትንኩ» የሚል ካርቶን በነፋስ ወድቆ ነበር።


አመድ አፋሽ
ዓርብ፣ ከቀኑ 10፡00

ለካሁ። የፋብሪካውን አጥር ከሚሠራው ግንበኛ ውሃ ልኩን ተዋስኩ፤ እስከ ቅዳሜ ብቻ ብሎ ሰጠኝ። ፍርግርጉ ባዶ፣ ቦይለሩ ቀዝቃዛ፣ ሁለቱም ብሎወሮች፣ የሚገፋውም የሚስበውም፣ እየሠሩ ነበር። መጀመሪያ አንዱን ጫፍ ክፍሉ ውስጥ ትቼ አነበብኩ። ከፊት 6፣ ከመሐል 12፣ ከኋላ 15 ሚሊ ሜትር። ከዚያ እህታችን እንዳለችው ጫፉን እሳት ቤቱ ውስጥ ሳስገባው ሁሉም በ3 ጨመሩ። 9፣ 15፣ 18።


ሒሳብ ወዳድ
ዓርብ፣ ከቀኑ 11፡25

እንዲህ ነው ነገር! አየሩ የሚሄደው በግፊቱ ካሬ ሥር ነው። 18 ለ9 ሁለት እጥፍ ነው፣ ካሬ ሥሩ 1.41። የኋላው ከፊቱ 40 ከመቶ የበለጠ አየር ያገኛል። በመጀመሪያው ንባብ ብንሄድ ኖሮ ወደ 60 ከመቶ እንል ነበር። ሰበታ ማዶ፣ ስሕተቱን ቀድመሽ አየሽው።


ፍልጥ ሻጭ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡00

ይህ ሁሉ በባዶ ፍርግርግ ነው። ገለፈት ሲጫንበት ግን ነገሩ ሌላ ነው። አየር የሚሄደው በሣሳው በኩል ነው። አንሺው ልጅ በአካፋ አንዱን ቦታ ክምር፣ ሌላውን ራቁት ካደረገው ሣጥኑን በወርቅ ብትሠሩትም እሳቱ እኩል አይሆንም። በእርጥብ ገለፈትማ ክረምት ላይ አየነው። የእኔ ፍርድ፣ ግማሹ ጥፋት የአካፋው ነው።


ሰበታ ማዶ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡40

ያልከው እውነት ነው፣ ግን ሁለቱ ተያያዥ ናቸው። ፍርግርጉ ራሱ ጠንከር ያለ መቋቋም ካለው የነዳጁ መሣሣትና መወፈር ያን ያህል አየሩን አያዛባም፤ ከጠቅላላው ውስጥ ትንሽ ድርሻ ስለሚሆን። ፍርግርጉ ልል ከሆነ ግን አካፋው ንጉሥ ነው። መቋቋም ደግሞ በነጻ አይገኝም፣ የብሎወሩን ኤሌክትሪክ ይበላል።

አመድ አፋሽ፣ የቀዳዳዎቹን ጠቅላላ ስፋት ደምረህ ታውቃለህ? በፍርግርጉና በጡብ ግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተትስ?


አመድ አፋሽ
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡30

ሳልደምር የኖርኩት ጉድ! ቀዳዳዎቹ ሁሉ ተደምረው 700 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ናቸው። በጎንና በጎን ካለው ጡብ ጋር ያለው ክፍተት ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱ ጎን ሲደመር ስድስት ሜትር ርዝመት፣ ማለት 240 ካሬ ሴንቲ ሜትር። ከምነፋው አየር ሩብ ያህሉ ገለፈቱን ሳይነካ በግድግዳው ጥግ ሽቅብ ይወጣል ማለት ነው። ጡቡ በዚያ መስመር ለምን እንደተበላም አሁን ገባኝ። በብየዳ ድፍን ላድርገው?


ወናፍ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 5፡15

እንዳትበይደው! ሦስት ሜትር ጊዛ 400 ዲግሪ ሲሞቅ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ወርዱም በልኩ ይሰፋል። መተንፈሻ ከከለከልከው ወይ ጡቡን ይገፋል ወይ ራሱ ይሰነጠቃል። በጡቡ በኩል ብቻ የታሰረ የማዕዘን ብረት አድርግና ፍርግርጉ ከሥሩ እንዲንሸራተት ተወው። በመሐል ሙቀት የሚችል ገመድ ጠቅጥቅ።


ብየዳና ላሜራ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡00

ለቱቦው ደግሞ እንዲህ አድርግ። አፉን እንደ መለከት አስፋው፣ አየሩ ቀስ ብሎ ይገባል። ላሜራውን እኔ ልሠራልህ እችላለሁ።


ሒሳብ ወዳድ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡50

መለከቱ ቀስ ብሎ ካልሰፋ አየሩ ግድግዳውን ለቆ በመሐሉ እንደ ጦር ቀጥ ብሎ ያልፋል። በየጎኑ ከ7 ዲግሪ ያህል ባይበልጥ ይመረጣል። 30ን ወደ 60 ለማስፋት በዚህ ሂሳብ 1 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ይጠይቃል። በብሎወሩና በሣጥኑ መካከል ቦታ አለ?


አመድ አፋሽ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 12፡30

ግማሽ ሜትር እንኳን የለም። ስለዚህ በርካሹ ጀመርን። ከአፉ 20 ሴንቲ ሜትር ርቆ ጋሻ የሚሆን ላሜራ በአራት እግር አቆምን፣ አየሩ ተላትሞ እንዲበተን። እሑድ ገለፈት እንጭናለን።


አመድ አፋሽ
ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ፣ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡00

ስለ ጋሻው እውነቱን ልናገር። በመጀመሪያው ቀን ደስታ ነበር። 13፣ 14፣ 15 አነበብኩ፣ እሳቱም ከፊት ተነሣ። በሳምንቱ የጋሻው ጀርባ በአመድ ተሞላ። በቀዳዳዎቹ የሚንጠባጠበው ደቃቅ አመድ በፊት አየሩ ጠርጎ ወደ ኋላ ይወስደው ነበር፤ አሁን ከጋሻው ጀርባ ጸጥ ያለ ጥግ አግኝቶ ተኛ። መጥረጊያ የማይደርስበት ቦታ ላይ ነው ያቆምነው። በዘጠነኛው ቀን ፊት ያለው ንባብ ወደ 8 ወረደ፣ ያ ጥቁር ክምር ተመለሰ። ሲነቀል ሦስት ጆንያ አመድ ወጣ። የማን ጥፋት እንደሆነ ላለመጨቃጨቅ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ።


ሰበታ ማዶ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡45

ጥፋት አትበለው። የማይጠረግ ነገር ከፍርግርግ ሥር እንደማይገባ አሁን በጆንያ ቆጥረህ አውቀሃል።

ወደ ሌላው መንገድ እንሂድ። ቆሻሻ የሚያቃጥሉ ትልልቅ ተንቀሳቃሽ ፍርግርጎች ከሥራቸው ያለው አንድ ወጥ ሣጥን አይደለም፤ በ2010 ዓ.ም. የተመረቀውና በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል የታቀደው የረጲው ጣቢያ የሚመደበው ከዚህ ወገን ነው። እንዲህ ባሉ ማቃጠያዎች ሥሩ በክፍል በክፍል ይከፈልና እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ዳምፐር (አየሩን የሚያጠብና የሚያሰፋ መዝጊያ) ይኖረዋል። ነዳጁ መጀመሪያ ይደርቃል፣ መሐል ላይ ይነዳል፣ መጨረሻ ላይ ፍሙ ያልቃል፤ ሦስቱ እኩል አየር አይፈልጉም። አንተም ሣጥኑን በሁለት የላሜራ ግድግዳ ሦስት ቦታ ክፈለው። ከጎኑ በቁመቱ ሰፊ የአየር ግንድ አስኪድና ለየክፍሉ አንድ አፍ በዳምፐር ስጠው። ግድግዳዎቹ ጫፍ ላይ በደንብ ካልተደፈኑ አየሩ ከክፍል ክፍል ስለሚሾልክ ዳምፐሮቹ ጌጥ ብቻ ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ ክፍል የአመድ በር እንዳትረሳ።


ሒሳብ ወዳድ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡20

ግንዱን 60 በ60 ሴንቲ ሜትር አድርገው። ፍጥነቱ ከ15 ወደ 3 ሜትር ገደማ ይወርዳል፣ የሩጫው ግፊት ከ11 ሚሊ ሜትር ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳን የማይሞላ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ክፍፍሉን የሚወስኑት ዳምፐሮቹ ናቸው።


ፍልጥ ሻጭ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡35

አካፋውንም አትርሱ።


አመድ አፋሽ
ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡10

ብየዳና ላሜራ መጥቶ ግንዱንና ግድግዳዎቹን ሠራልን። ሥራው የታየ ነው፤ የአመድ በሮቹ በአንድ እጅ ይከፈታሉ፣ ሲዘጉ በገመድ ላይ ይተኛሉ። የጎኑ ክፍተት ጋሼ እንዳሉት በማዕዘን ብረት ተሸፈነ። ሦስቱንም ዳምፐር ሙሉ ከፍቼ በባዶው ስለካ በሦስቱ መካከል አንድ ሚሊ ሜትር እንኳን ልዩነት ጠፋ።

ከዚያ በእሳት ላይ ማስተካከሉ ሦስት ቀን ወሰደ። የፊቱን ዳምፐር ትንሽ አጠበብኩ፣ ገለፈቱ እዚያ የሚደርቅ እንጂ የሚነድ አይደለም። መሐሉን ሙሉ ተውኩት። የኋላውን ከግማሽ በታች አደረግኩት። አሁን በመመልከቻው መስታወት ሲታይ ነበልባሉ መሐል ላይ ተቀምጧል፣ ከኋላ ግራጫ አመድ ብቻ ይወድቃል። የተጋገረ ነገር ካየሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ገለፈት አንሺዎቹንም በስስ እንዲበትኑ አስተማርናቸው፤ ፍልጥ ሻጭ ሆይ፣ ድርሻህ ተከፍሏል።

ትልቁ ብሎወር አልተገዛም። የጥገና ክፍሉ አሁን «እኛም እንዲሁ ብለን ነበር» ይላል። ስሜን ለምን እንደመረጥኩት ታውቃላችሁ።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። በሙሉ ጭነት ሲሠራ ጭስ ማውጫው ለአሥር ደቂቃ ያህል ይጠቁራል።


ሰበታ ማዶ
ሰኞ፣ ከቀኑ 9፡00

እሱ እንግዲህ የላይኛው አየር ነው፣ ከነበልባሉ በላይ የሚነፋው። ከሥሩ የተረፈህን ወደዚያ አዙር። ለእሱ ሌላ ርዕስ ክፈት፣ ይህ ረዘመ።


ወናፍ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20

የፊቱን ፍርግርግ በየወሩ እያወጣህ እየው። አሁን እዚያም እሳት መጥቷል፣ ከዚህ በፊት ያልተፈተነ ጊዛ ነው።


አመድ አፋሽ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡45

እሺ ጋሼ፣ አያለሁ። ግንበኛው ግን አጥሩን ጨርሶ ሊሄድ ነው፤ ውሃ ልኩ ውስጥ የጨመርኩት ቀይ ቀለም አልለቅ ብሎኛል። በምን ይታጠባል?